አክስቴን ያላለችውን ያናገርክበት ፊልም

ውድ ልዑል፣

ደህንነትህን ጠይቄ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ አላስችል አለኝ። በቀጥታ ልንገርህ፦ አክስቴን ዘይቡን ያላለችውን አናገርካት።

ስለ ባህር እንስሳት ጥበቃ ለሕዝብ ማስተማሪያ ፊልም ልትቀርጹ ኅዳር ላይ አጋሮ ስትመጡ፣ «አስተርጉሚልን» ብለህ የደወልክልኝ አንተ ነህ። ደስ ብሎኝ መጣሁ። ጅማ አንድ ክፍል የተማርን፣ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አንድ ማይክራፎን የተቀማማን ልጆች አይደለን? «ባህር የት፣ አጋሮ የት!» ብለው ሰዎች ሲስቁብህ እንኳ የተሟገትኩልህ እኔ ነኝ። «የእኛ ጅረት ዴዴሳ ይገባል፣ ዴዴሳ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ባህር ይገባል፤ ልጁ እውነቱን ነው» አልኳቸው።

ከቡና ማጠቢያው በታች ያሉትን ሰዎች ቀበሌው ግቢ ሰበሰብክ። አፍንጫው ውስጥ ፕላስቲክ የተሰነቀረበትን የባህር ኤሊ ፎቶ አሳየሃቸው። ሴቶቹ «ያ ረቢ!» እያሉ ከልባቸው አዘኑለት። ያኔ ነው አክስቴ የተነሳችው። ረስተኸው ከሆነ ያለችው ይህን ነው፦

«ልጄ፣ ኤሊው አሳዝኖኛል። ግን ከዚህ የሚሄደው ውሃ እዚያ ሩቅ ያለውን ዓሣ የሚጎዳ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠጣው እኛስ? ቡና መታጠብ ሲጀምር ጅረቱ ይጠቁራል፣ ይገማል። ላሜ አፏን አስጠግታ ትመለሳለች። የልጆቹን እግር ያሳክካቸዋል። ድሮ በቅርጫት የምናወጣቸው ትንንሽ ዓሦች ጠፍተዋል። ማሎ፣ እባክህ፣ ለባህሩ ስትናገር ለእኛም ለማጠቢያው ጌታ ንገርልን።»

ራስህን እየነቀነቅክ ሰማሃት። ትርጉሙ ያስፈለገው ከአዲስ አበባ ለመጡት ፊልም ቀራጮች እንጂ ላንተ አልነበረም። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ተወልደህ ኦሮምኛ አይገባኝም ብትል የሰፈሩ ፍየል ይስቅብሃል።

ሰኔ ላይ ፊልሙ ጅማ ሲመረቅ አክስቴ የዒድ ልብሷን ለብሳ መጣችና ከጎኔ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። ድምጿን ግን በሙዚቃ አፍናችሁ፣ ከሥር በአማርኛ «ባህርን መጠበቅ የሁላችንም ኃላፊነት መሆኑን ዛሬ ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ጻፋችሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማንበብ አትችልም፤ ጭብጨባው ግን ገባት። እጄን ጨምድዳ ይዛ «ፈድሊያ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰሙኝ! ወላሂ ሰሙኝ!» አለችኝ። ከዚያ ሄዳ አቀፈችህ። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ «ገለቶማ፣ እናቴ» ብለህ አመስግነህ ግንባሯን ሳምካት።

ማታውን ስደውልልህ ያልከኝን ደግሞ ስማው፦ «አንቺ ደግሞ! ሜሴጁ ስለ ባህር ነው። የማጠቢያው ጉዳይ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ባለቤቱ እኮ መኪና ሰጥቶናል፣ ማጠቢያው ግቢ እንድንቀርጽም ፈቅዶልናል፤ እንዴት አድርጌ ላስቀይመው?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! አይተኸው ለማታውቀው ኤሊ ድምፅህ እስኪሻክር ታወራለህ። ቤቷ ገብተህ የበላህላት ሴት ስትናገር ግን ቆርጠህ ትጥላለህ። ይህን ነው ሕዝብ ማስተማር የምትሉት? ሕዝቡ እኮ ትምህርቱ ስለገባው ነው የጠየቀህ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የልፋትህ ፍሬ አክስቴ ነበረች፤ እሷኑ አፈንካት።

የባሰውን ደግሞ ልንገርህ። ጎረቤቶቿ ተሰባስበው ወረዳ አቤት ሊሉ ተስማምተው ነበር። የከለከለቻቸው አክስቴ ናት። «ትልልቅ ሰዎች ሰምተውን፣ አጨብጭበውልን፣ አሁን ክስ መሄድ ነውር ነው» አለቻቸው። እነሱም ታላቃቸው ናትና እሺ አሉ። እውነቱን ስነግራት በእኔ ላይ ተነሳች። «ልዑል ቤቴ በልቷል፣ ግንባሬን ስሟል። የሰው ልጅ ስም አታጥፊ!» ብላ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ባንተ ምክንያት አክስቴን አጣሁ፣ ልዑል። አዎ፣ አለቀስኩ፤ ይኸው እወቀው።

ማጠቢያው ጥቅምት ላይ ሥራ ይጀምራል። እሷ ደግሞ ዘንድሮ ውሃው አይበላሽም ብላ፣ በየዓመቱ በዚያ ወቅት የምትሄድበትን ሩቅ ምንጭ ልትተው ነው። ለልጅ ልጆቿ የምታጠጣው ያንኑ ጅረት ነው።

ፊልሙን ታርመዋለህ፤ እሱን አልለምንህም፣ ግዴታህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ና። ጥቅምት ሳይገባ አጋሮ ና፣ ጎረቤቶቿ ባሉበት ፊቷ ተቀመጥና ያደረግከውን በራስህ አፍ ንገራት። በኦሮምኛ ለመናገር ካፈርክ በአማርኛ ተናገር። አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልጥል እተረጉምልሃለሁ።

የአክስቴ የዘይቡ አስተርጓሚ፣
ፈድሊያ