አራተኛው ቀዳዳ

ሰኞ፣ ነሐሴ 6

አሁንም አልደረቀም። አራተኛ ቀኑ! በነሐሴ ደባርቅ ላይ ቆዳ ማድረቅ ራሱ እብደት ነው። ጉሙ በር ከፍቶ የሚገባ ነው የሚመስለው። የራስ ቁሩን በተገለበጠ ማድጋ ላይ ወጥሬዋለሁ፤ ስጫነው ጣቴ ይሰምጣል።

የቀረኝ ሥራ፦
የራስ ቁሩን ኖራ መቀባት።
የደረቱ ቆርቆሮ አንገቴን ይቆርጠኛል፣ መሞረድ አለበት።
ጉልበቶቹ። ከምን እንደምሠራቸው እንጃ።
አፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሦስት ናቸው። ሦስት! ኋላ እንዳልጠራጠር እዚህ ጻፍኩት።

ጎንደር ሲኒማ ቤት ያንን የጠፈር ፊልም ሦስት ቀን የተመላለስኩት ለዚህ ነው። ሰው ታሪኩን ሲከታተል እኔ በጨለማ የነጩን ወታደር ትከሻ ደብተሬ ላይ እሥላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ክረምቱን ሙሉ የጠፈር ወታደር ልብስ ስሠራ ከረምኩ። ለምን? ደስ ይለኛል፣ በቃ። ከተሠራ አይቀር ግን ልክ እንደ ፊልሙ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?

ቆዳውን የሰጡኝ አከራዬ የኔታ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፣ ድጓ ያስተምራሉ፣ ብራና ይፍቃሉ። ትርፍራፊውን ሲሰጡኝ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለፊልም ወታደር ልብስ ስላቸው፣ “ታዲያ ራስ ቁርና ጥሩር በይው እንጂ፣ ስም አለው እኮ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅዬ ሙጫ አወጣሁ። ሽታው! ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ “አስቱ፣ በፍልሰታ?” አለችኝ። ሥጋ የቀቀልኩ መስሏታል። ሙጫ ነው ብላት “እሺ፣ ሙጫ ይሁን” ብላ ገባች። በፍልሰታ ጾም ገደፈች መባል እዚህ አገር ከሌብነት ይብሳል። ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል።

አንድ ድል ግን አለኝ። ለዓይኑ ጥቁር መስታወት ከየት ላምጣ ስል ከርሜ፣ የራሴን የሳንባ ራጅ ቆርጬ ለጠፍኩት። ከውጭ ሲያዩት ልክ ፊልሙን ነው! ከውስጥ ግን ሰውን ሁሉ በጎድን አጥንቴ መሃል ነው የማየው። ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሮጥኩ። ጓሮ ሁለት እንጨት አመሳቅዬ ተከልኩ፣ የደረቱን ጥሩር አለበስኩት፣ የራስ ቁሩን ከላይ ደፋሁበት። ዝንቡ ሙጫውን ወረረው፤ ነጠላዬን አለበስኩትና ትምህርት ቤት ስብሰባ ሄድኩ። ሞኝ! ሞኝ!

ስመለስ አጥሩ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ለካ ቅዳሴ የሚሄዱ ሴቶች በአጥሩ ስንጥቅ አይተውታል፤ በመሪጌታ ግቢ፣ በነጭ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። አንዷ አጥሩን ሳመች፣ ሌላዋ ሰገደች። “ከቆላ ውጊያ የሸሸ ታቦት የኔታ ቤት አርፏል” ተባለ። እኔ ስደርስ የሚሰግደው ሃያ ይሆናል። ተራራው ላይ ያለው ቡይት ራስ ድረስ ተሰምቷል አሉኝ።

ሰው ሲበተን ጠብቄ ሁሉንም አልጋ ሥር አስገባሁት። ቀበሌ ሳይፈቅድ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

የኔታን ወሰዷቸው።

ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው “ታቦቱን የት ደበቅኸው?” አሏቸው አለች ብርቄ። አንተ እያሉ! ሰባ ያለፉ መሪጌታን! የኔታ “በቤቴ ታቦት የለም” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተነፈሱም። የእኔን ስም አልጠሩም። የማንን ጥፋት እንደተሸከሙ ጠፍቷቸው ነው?

ምሳቸውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሌ ወሰድኩ። ዘበኛው ተቀበለኝ፣ አላስገባኝም። ሳላቸውን ከውጭ ሰማሁት።

ልብሱን ላቃጥለው ብዬ ክብሪት አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት። ያለ ልብሱ ታቦት እንዳልሆነ ማን ያምነኛል? ይዤው ከሄድኩ ደግሞ የማን ሠራዊት ልብስ ነው ይሉኛል። ስንቱ ከዚህ ላነሰ ነገር ታሰረ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ለብሼው ቀበሌ ሄድኩ። በእጅ ሲያዙት ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ነው፤ ልብስ የሚመስለው ሲለበስ ብቻ ነው።

መንገዴ በገበያው መሃል ነበር። አህዮች ደነበሩ፣ ብርቄ በስመ አብ ብላ ተቀመጠች። እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ቆርቆሮው አብሮ ይንኳኳል፤ የፈራሁትን ያህል ከተማው ሁሉ ሰማኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ ዞረኝ።

“የየት አገር ሠራዊት ነው?”

“የየትም አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። የፊልም ነው። የኔታ ምንም አያውቁም፣ ጓሮ ያሰጣሁት እኔ ነኝ።”

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠግቶ፣ “የጎንደሩ ፊልም?” አለኝ።

“አዎ።”

“ሁለቴ አይቼዋለሁ። ተሳስተሻል። አፉ ላይ አራት ቀዳዳ ነው ያለው።”

ሁለቴ አይቶ! እኔ ሦስቴ አይቼ፣ ሥዬ፣ ጽፌ! ሦስት ነው ልል አፌን ስከፍት ከጓዳው በር ኋላ የኔታ ሳሉ።

“አራት ነው” አልኩ። “ተሳስቻለሁ።”

የራስ ቁሩን አስወለቀኝ፣ ሰንጢ ከኪሱ አወጣና አራተኛውን ራሱ ቀደደው። ጠማማ። “አሁን ሆነ” አለ እንደ ልጅ ደስ ብሎት። የኔታን ፈታቸው። ስንወጣ ግን ጠራኝ፤ “አልፎ አልፎ መጥቼ አየዋለሁ። እንዳታበላሺው።”

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

የኔታ ደህና ናቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለምን “ተነሽ ልጄ፣ ሌሊቱን ድጓዬን ስከልስ አነጋሁ” አሉኝ።

ከዚያ የራስ ቁሩን አሳየኋቸውና አለቀስኩ። አሳፋሪ ነው፤ ሰው ከእስር ተፈትቶ እኔ ለቀዳዳ አለቅሳለሁ። አልሳቁብኝም። ቆዳውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። “ብራና ስንፍቅም ምላጭ ይስታል። ሰፍተን እንጽፍበታለን” አሉ።

“ሊቀመንበሩ ይመጣል እኮ፣ የኔታ።”

አሰቡ። “እንግዲያው በልል ስፌት ነው። ሲመጣ ክሩን ትስቢዋለሽ፣ ይከፈታል። ሲሄድ መልሼ እሰፋዋለሁ።”

መነጽራቸውን አድርገው በጅማት ሰፉት፣ ኖራ ቀባሁበት። ሦስት ሆነ። ልክ እንደ ፊልሙ። ሦስት ነበር፣ አይደል?

የክሩ ጫፍ ከአገጩ ሥር ተንጠልጥሏል። ከጠዋት ጀምሮ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እጄ ወደ እሱ ይሮጣል። እስካሁን የመጣችው ብርቄ ብቻ ናት፣ ሙጫ ልትለምን።