ክቡርነትዎ ሲናገሩ ዝም ስለሚለው የማዋለጃ ክፍል ማይክሮፎን

ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ድምፅዎ በሚደርስበት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ከጤናዎም ይልቅ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? በየማለዳው ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በአርባ አንድ ስፒከር ለሠራተኛውም ለሕመምተኛውም ምክር የሚለግሰው ያ ጉሮሮ ሳል እንዳይደፍረው፣ ጉንፋንም ከሩቁ እንዲሸሸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር የአምፕሊፋየሩን ክዳን ፈትቼ ሁለት የማይክሮፎን ካርዶች፣ አንዱን ለቢሮዎ፣ ሌላውን ለማዋለጃ ክፍሉ፣ የገጠምኩት የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ ነኝ። በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ «አንተ ባለ ካቻቪቴ» ሲሉኝ ስለቆዩ ስሜን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረዎትም።

ይህን ጉዳይ ለብቻዎ ላመለክት ሦስት ጊዜ ጽፌ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጊዜም የለኝም። የማዋለጃ ክፍሉ ሲስተር በመጪው ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርባ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ልትባረር ነው። የምትባረርበት ጥፋት ደግሞ የእኔና የእርስዎ መሆኑን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስላስተማሩኝ ሥርዓት አመሰግናለሁ። በእያንዳንዱ ካርድ ጎን ከጥፍር የሚያንሱ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ በተለያየ ማይክሮፎን ቢናገር የማን ድምፅ እንደሚያልፍ፣ የማን ደግሞ እንደሚታፈን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ቅድሚያ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ እንዲሰጥ ያዛል፤ እኔም ለማዋለጃ ክፍሉ ቅድሚያ ሰጥቼ ካርዱን ወደ ቦታው ከማስገባቴ በፊት ክቡርነትዎ ሦስት ኃላፊዎች አስከትለው መጡ። የትኛው ማይክሮፎን እንደሚበልጥ ጠየቁኝ፤ ነገርኩዎ። ፊትዎ ተለዋወጠ። «ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ በዚህ ግቢ ከእኔ በላይ ተናጋሪ ማነው?» አሉኝ። የምትደማ እናት ናት ብዬ ብመልስልዎ ሦስቱ ኃላፊዎች ሳቁ፤ የሳቁት እርስዎ ፈገግ ስላሉ ነው። ከዚያም ቅድሚያው ለቢሮዎ ማይክሮፎን እንዲሆን ትእዛዙን በጽሑፍ ሰጥተው ፈረሙበት፤ ወረቀቱ ዛሬም እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጧል። እኔም አባት ሲናገር አፍ በማይከፈትበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና አልተከራከርኩም። ይሁን እንጂ አባቴም ቢሆን ሕፃን እሳት ውስጥ ሊገባ ነው ብሎ የሚጮኽ ልጅ ካለ ንግግራቸውን ያቋርጡ ነበር።

፪ኛ. ስለ ፍተሻው። ገመዱን ዘርግቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ እንዳያፏጭ የድምፁን መጠን ከመጠንኩ በኋላ ማይክሮፎኖቹን ሞከርን። መጀመሪያ ከቢሮዎ እርስዎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ቀጥሎ ሲስተር ከላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች፤ እሷም ተሰማች። ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ እንድትናገሩ ብለምንዎ፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ማውራት የልጅ ሥራ ነው፣ ነውርም ነው ብለው አለፉት። እነሆ «በሚገባ ይሠራል» የሚለው የርክክብ ወረቀት ተፈረመ፤ ማኅተምም አረፈበት። ከማኅተሙ ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው። በነውር የተዘለለችውን ያቺን የሁለት ደቂቃ ሙከራ ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

፫ኛ. ስለዚያ ማክሰኞ። ክቡርነትዎ የዕለቱን ርዕስ አይዘነጉትም ብዬ አምናለሁ፤ «ለጥሪ ፈጥኖ ምላሽ ስለመስጠት» የሚል ነበር። ንግግሩ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ግድም አንዲት ገና የተገላገለች እናት ደም ይፈሳት ጀመር። ሲስተር አንድ እጇን ከእናቲቱ ሆድ ሳታነሳ በሌላው የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች። ቀይዋ መብራት በራች። ይህች መብራት የምትናገረው ቁልፉ መጫኑን ብቻ ነው፤ ድምፁ አለፈ ታፈነ አታውቅም። ሲስተር ግን ይህን ከየት ትወቀው? የነገራት የለም፤ መንገር የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎኑ እንዳያፏጭ ብዬ በዚያ ክፍል ስፒከር አልሰቀልኩምና የራሷን ድምፅ የምትሰማበት መንገድም አልነበራትም። «ዶክተር ወደ ማዋለጃ፣ ቶሎ!» ብላ ጠራች። ጠበቀች፣ ደግማ ጠራች፣ ሠልሳ ጠራች። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ከእሷ ሁለት ፎቅ በታች፣ ልክ በስፒከሩ ሥር ቆመው፣ ለጥሪ ፈጥኖ ምላሽ ስለመስጠት እርስዎን በጥሞና ያዳምጡ ነበር።

የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ሲስተር የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ እጇን በእጇ ይዛ የት እንደምትጫን አሳየቻት፤ «እኔ እስክመለስ እንዳትለቂ» ብላትም ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ አንዱ ጫማዋ ወለቀ፤ አላነሳችውም። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ዶክተሩን በጩኸት ጠራች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረሱ። እናቲቱ ሁለት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆይታ ነቃች፤ ሕፃኑም ደህና ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እጇ እስኪደነዝዝ አልለቀቀችም ነበር። ዶክተሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢሆን ኖሮ አልደርስም ነበር ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ ንግግርዎን የጨረሱት ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ስለ ትዕግሥታችን አመስግነውን ነው።

፬ኛ. ስለ ክሱ። ለሲስተር የተጻፈውን ደብዳቤ ሳነብ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። አንደኛ፣ በማይክሮፎን ጥሪ አላደረገችም ይላል፤ ማስረጃውም ማንም አለመስማቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛ ጥላ ከክፍሏ ወጥታለች። ሦስተኛው ግን የብዕርዎን ብስለት ያሳያል፦ «ዋና ሥራ አስኪያጁ ንግግር በማድረግ ላይ እያሉ በኮሪደር ውስጥ በመጮኽ ሥነ ሥርዓት አጉድላለች።» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል እንዲህ ያለውን። መሣሪያው በሚገባ እንደሚሠራ በተፈረመ የርክክብ ወረቀት ተረጋግጧል ተብሎም የእኔ ፊርማ ከክሱ ጋር ተያይዟል። ሰው ያዳነች ሴት በእኔ ፊርማ ልትባረር ነው። ይህን ሳውቅ አፈርኩ፤ ከማፈርም አልፌ ተናደድኩ።

፭ኛ. የመጨረሻው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ያቺን ማብሪያ ማጥፊያ የገለበጠው የእርስዎ ጣት አይደለም፤ የእኔ ነው። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ገለበጥኳት፤ የጥገና ውሌ እንዳይቋረጥ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ይህ ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ በዚህ ግቢ አንዲት ብሎን እንደማላጠብቅ አውቃለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ «ምን አገባህ፣ ዝም በል፣ ልጆች አሉህ» ብላኝ ነበር። ማታውን ስታስበው አምሽታ ግን፣ ሁለተኛዋን ልጃችንን ስትወልድ ደም የፈሰሳት ጊዜ ሐኪም የጠራችላት አዋላጅ የሚሰማት ባታገኝ ኖሮ ዛሬ ለማን «ዝም በል» ትል እንደነበር ጠየቀችኝ። ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ወረቀት ከማገላበጡ በፊት ዶክተሩ ቆመውበት በነበረው ኮሪደር ይቁም። ክቡርነትዎ ከቢሮዎ የፈለጉትን ይናገሩ፤ ርዕስ ከጠፋ ስለ ፍትሕ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሲስተር በዚያው ጊዜ ከማዋለጃ ክፍሉ ቁልፉን ተጭና ሦስት ጊዜ ትጣራ። ከኮሚቴው አባላት አንድ ሰው እንኳ ድምፅዋን ከሰማ የስንብት ደብዳቤዋን በገዛ እጄ እጽፋለሁ፣ ለሐሰት ምስክርነቴም ወደሚወስዱኝ ሁሉ እሄዳለሁ። ካልሰማ ግን በደብዳቤው ላይ የማን ስም መግባት እንዳለበት ኮሚቴው ራሱ ይወስን። እኔ የተፈረመውን ትእዛዝዎን ይዤ ከኮሪደሩ በር ላይ እጠብቃለሁ።

ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ረጅም ንግግር ከታጋሽ አድማጭ ጋር እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ድምፅ መጉላት ሙያዬን፣ ለሌላው ሰው ዝምታ ደግሞ ኅሊናዬን የሰጠሁ፣

ታዛዥ የነበርኩት፣
ባለ ካቻቪቴው

ሳልረሳው፦ ማብሪያ ማጥፊያዋን ወደ ቦታዋ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይበቃኛል። ዳሩ ግን የአምፕሊፋየሩ ክፍል ቁልፍ ከእርስዎ ኪስ ስላልወጣ፣ ይህ በሚነበብበት ሰዓትም እንደተገለበጠች ናት። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ዛሬ አራት እናቶች ምጥ ይዟቸዋል። ቁልፉን ለመስጠት ካልተመቸዎት፣ በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ አንዲት ማስታወቂያ ቢያስለጥፉልን ውለታዎ አይረሳም፦ «ዋና ሥራ አስኪያጁ በሚናገሩበት ሰዓት መድማት ክልክል ነው።»