አቶ ሰብስቤ መሸሻ እና የቦንጋው ሰማያዊ ቢራቢሮ

አቶ ሰብስቤ መሸሻ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ ወዳጆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ ገብሬ በከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ቦንጋ አጠገብ በ1917 ዓ.ም. ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የኮረሪማ ነጋዴ የነበሩት አጎታቸው በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ አመጧቸው። እዚህም ማታ ማታ እየተማሩ፣ ቀን ከአንድ አርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ ሙያውን ቀሰሙ።

በ1945 ዓ.ም. ኮልፌ ላይ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ለሠርግም፣ ለክርስትናም፣ ለመታወቂያም ሰፈሩ የሚመጣው ወደ እርሳቸው ነበር። ካሜራ ፊት ሲቆሙ የሚደነግጡትን አዛውንት «ቀና ይበሉ እንጂ እማማ፤ ፎቶ ቤት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም» እያሉ ያስቁ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርኬ ፈቀደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሸዋገነትንና ጌታሁንን ወልደዋል።

በ1958 ዓ.ም. አባታቸው ዐርፈው ለቀብር ወደ ቦንጋ ወረዱ። ከሐዘን ቤት ወጥተው በጫካው ሲያልፉ አንድ ቢራቢሮ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በፊታቸው በረረ። ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ነበር። እንባቸው ሳይደርቅ ካሜራቸውን አነሡ። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ምስሉ ዐመድ መስሎ ወጣ። ፎቶ ቤት ሰቅለውት ደንበኞች «የእሳት ራት ነው እንዴ?» ይሏቸው ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ባለ ቀለም ፊልም ይዘው ተመለሱ። ዝናብ እየደበደባቸው፣ አልቅት እየነከሳቸው ወንዙ ዳር ከረሙ። ቢራቢሮው አልጠፋም፤ ነገር ግን ሲበር ካሜራው አይደርስበትም፣ ሲያርፍ ክንፉን ይገጥማል። የክንፉ ጀርባ ደግሞ ከደረቀ ቅጠል አይለይም። ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ ከወራት በኋላ ሲመጣ የታየበት እርጥብ አሸዋና ቅጠል ብቻ ነበር። «ሰርኬ፣ አንቺም አላየሽው፤ እኔም ላሳይሽ አልቻልኩም» አሏቸው። አብረው ወርደው በዓይናቸው እንዲያዩት ለ1965 ዓ.ም. መስከረም ቀጠሮ ያዙ።

መስከረም ሳይጠባ አቶ ሰብስቤን የጉበት ሕመም ጣላቸው። ሐኪም ቤትም ጠበልም ተሞከረ። ሐኪሞቹ ሥቃዩን ከማስታገስ በቀር ማድረግ የሚችሉት እንደሌለ ነገሩን። ወይዘሮ ሰርኬ ዝም ብሎ መቀመጥ አላስችል ብሏቸው ከየጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ሰማያዊ ቁራጭ እየለመኑ «እንዲህ ነው?» እያሉ ያሳዩአቸው ነበር። እርሳቸውም «ቀረብ ብሏል፤ ግን አይደለም» ይላሉ። በመጨረሻው ሰሞን ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን ወይዘሮ ሰርኬ ላባቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉላቸው አቶ ሰብስቤ የነጠላውን ጫፍ ያዙና «አዎ፣ ይኸ ነው! ከየት አገኘሽው?» አሉ። ነጠላው ነጭ ነበር። ወይዘሮ ሰርኬም «እዚሁ ሰፈር ነው ያገኘሁት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አቶ ሰብስቤ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ሐምሌ 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሐምሌ 10 ቀን በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ድንቅነሽንና እህታቸውን ወይዘሮ ትርንጎን ትተውልናል። እናታቸው ከቦንጋ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ ለቀብሩ አይደርሱም።

እኛ ልናደርግላቸው ያቃተንን እግዚአብሔር ያድርግላቸው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ በመንገድ ላሉት እናታቸውም የሚሰሙትን የሚችሉበት ልብ ይስጣቸው። አሜን።