ለመነጽር ተብሎ የወጣ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ያ የጎንህ ውጋት ለቀቀህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው፤ ገና ከመግባቴ የጠየቁኝ ስላንተ ነው። "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ብዬ አለፍኩት።

የአረጋውያን መጦሪያው የደረስኩት ሰኞ ነው። አባባ መስኮት ሥር ተቀምጠው የአልጋ ጎረቤታቸውን ሸሚዝ ቁልፍ ሊተክሉ ይታገላሉ። የመነጽራቸው አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ክንዱ በክር ታስሯል። ያኔ በልብስ ስፌት ሱቃችን፣ እኔና አንተ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስንሻማ፣ እያወሩ ሳያዩ መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡ ሰው አልነበሩ?

የመጦሪያው ገንዘብ ያዥ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጠና ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የእያንዳንዱን አረጋዊ የግል ገንዘብ በየስሙ ደብተር ከፍታ ትይዛለች። "የቤቱ ሌላ፣ የነሱ ሌላ፤ ሳንቲሙ እንኳ አይነካካም" አለችኝ። የአባባን ደብተር ገልጣ፣ "ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ለመነጽር ተብሎ ወጥቷል። መነጽሩ የታለ?" አለች። ተቀባይ በሚለው ቦታ "ቤተሰብ" ተብሏል። መስመሩ አይታያቸውምና በአባባ ፊርማ ፈንታ አውራ ጣታቸው ታትሟል። ከእኔና ካንተ ሌላ ቤተሰብ የላቸውም፤ እኔ ስመጣ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ እንደሆነ ታውቃለህ።

አባባን አስጠርታ እፊቴ ጠየቀቻቸው። ሳቅ ብለው፣ "እኔው ነኝ የወሰድኩት፤ የት እንዳደረግኩት ረስቼው ነው። እርጅና ብቻውን አይመጣም፣ ልጄ" አሉ። የሞቱ ደንበኞቻቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር በቃላቸው የሚያውቁት አባባ!

ይኼኔ ለጥገና ከመጣ ኮት ኪስ ሳንቲም አውጥተህ ከረሜላ የገዛህበት ቀን ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ሲመጣ አባባ ከራሳቸው ኪስ ከፍለው፣ "እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ ይቅርታ" አሉት። አንተን ቀና ብለው እንኳ አላዩህም። ለእኔም አካፍለኸኝ ስለነበር ከረሜላው አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነብኝ።

ገንዘብ ያዧ ግን በሳቅ አልተሸነገለችም። "አባቴ፣ እርስዎ ይርሱ፤ እኔ መርሳት አልተፈቀደልኝም" አለቻቸው። ለኃላፊው አመለከተች፤ ተወሰነም። ከእንግዲህ ገንዘባቸው ከራሳቸው በቀር ለማንም አይሰጥም፤ ዕቃ ሲገዛም ደረሰኝ ይያያዛል። ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። ብትቀየመኝም ደግሜ እፈርማለሁ። የጎደለውን እኔ አልተካሁትም፤ የሚተካው ሰው እንዲተካው ትቼዋለሁ።

ረቡዕ እኔ፣ አባባና ገንዘብ ያዧ ሦስታችን ሄደን መነጽር ተሠራላቸው። ሲያደርጉት መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። "አንቺም ሸብተሻል ለካ!" ብለው አሳቁኝ።

ትናንት የሳምንት ገንዘባቸውን ራሳቸው ተቀበሉ። ግማሹን አጣጥፈው እጄ ላይ አደረጉና፣ "ለወንድምሽ ላኪለት። መሳፈሪያ ቸግሮት ነው የቀረው" አሉኝ። ገንዘብ ያዧ ምክንያቱ ይጻፍ ስትል፣ ብዕሩን ተቀብለው በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው "ለልጄ መምጫ" ብለው ጻፉ።

ገንዘቡን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። እሑድ ጠያቂ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

ፈጣሪ ልብህን ያሳርፍልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

የምትሳሳልህ እህትህ