በእርሳስ የሰረዝኩት እድር

ለታላቅ ወንድሜ ለሽፈራው፤ የጁባ ሙቀት ሳያደክምህ፣ ሰላም ሳይለይህ ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል? ያ ወባ ተመልሶ አልመጣብህም? ወገብህንስ ተሻለህ? ባለቤትህ ናኦሚ እንዴት ናት? ትንሹ እዝራስ መራመድ ጀመረ ወይ? ሱቅህስ፣ ገበያህስ? እኛ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና ቆመን እንሄዳለን። ኢያሱ ያንኑ የመንግሥት ቢሮውን ይመላለሳል። ሳምራዊት የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሶባት ከደብተሯ ጋር ትተኛለች። እማዬ ደግሞ አለች። ስለ እሷ ቀስ ብዬ እመጣልሃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እሷ ነው።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። አንተ ስትደውል ስልኩን ቀድማ የምታነሳው እማዬ ናት፤ እኔ ጋ ሲደርስም ጆሮዋ ከእኔ ጆሮ እኩል ነው። ሁለቱን ክፍል የሚለየው መጋረጃ ነውና ሹክ ማለት እንኳን አይቻልም። ስለዚህ ነጋዴው ሙነወር ነገ ሸቀጡን ይዞ ወደ አንተ እንደሚበር ሲነግረኝ፣ ኢምፔሪያል የምሠራበት ስፌት ቤት ውስጥ ማሽኑን አቁሜ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኛ የለም። ባለቤትየዋም አይታ አልፋኛለች።

ስለ ኑሮው ልንገርህ ብል ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል፤ አንተም እዚያ ምንዛሬው እያደር እንደሚገለብጥህ ነግረኸኛል። የኢያሱ ደመወዝ እንግዳ ሆኗል፣ ገብቶ ሳይቀመጥ ይወጣል። አከራያችን ባለፈው መስከረም ጨመሩ፣ በሚመጣውም እንደሚጨምሩ ከወዲሁ እያሳሉ ነው። እኔም የምታውቃት ተናኜ ነኝና እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የሳምራዊትን አሮጌ ደብተር ከጀርባው ገልጬ የቤቱን ወጪ በሙሉ ጻፍኩና እርሳስ ይዤ መሰረዝ ጀመርኩ።

ወተት ሰረዝኩ። ዲሹን ሰረዝኩ፤ ኢያሱ ኳሱን ጎረቤት እየሄደ ያያል። የሳምራዊትን አስጠኚ ሰረዝኩ። ጤፉን ከሩዝ ጋር አስፈጭቼ እንጀራው ሲሰባበርብኝ የምጣዱ ጥፋት ነው እያልኩ አሳለፍኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ የሚገባበት ነገር ሳይኖር ለባዶ ቁም ሣጥን መብራት መክፈል ምን ይባላል? ለፋሲካ ቅርጫ አልገባንም። ታክሲም ሰርዤ ከኢምፔሪያል ጎሮ ድረስ በእግሬ ስሄድ ከረምኩ፣ በታክሲ ያተረፍኩትን ጫማ ሰፊው በላው እንጂ። ኢያሱ ግን ለሰው ሁሉ ሚስቴ በምንም በምንም ብላ ታኖረናለች ይል ነበር። እኔም በዚያ ወሬ ልቤ ያብጥ ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ።

እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ የሰፈራችን እድር የወር መዋጮውን ከመቶ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አሳደገ። ወንበሩም ተሰብሯል፣ ድንኳኑም ተቀዷል፣ የቀብር አውቶቡስ ኪራይም ጨምሯል አሉ። እኔ በስብሰባው ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። አስራ አንድ ዓመት ስንከፍል አንድም ቀን ከቤታችን ሬሳ አልወጣም፣ የሰው ሬሳ ስንቀብር ኖርን አልኩ። አፌን በቆረጠው። ጋሽ ላጲሶ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ቤት ገባሁና ደብተሩን ገለጥኩ። እድር የሚለው ላይ እርሳሱን አሳረፍኩበት።

ለማንም አልነገርኩም፣ ለኢያሱም። ለጥቂት ወር ነው፣ ትንፋሽ ላግኝ እንጂ በአንድ ላይ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ደንቡን አላውቅም እንዳልልህ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አለፉ። ጋሽ ላጲሶ ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ፣ አላነሳሁም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያቸው ሽንኩርት የምመርጥ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። በየካቲት ስማችን ወጣ።

ሽፈራው፣ አሁን የምነግርህን ስታነብ አትርገመኝ። እማዬ አንተ ከምትልክላት ላይ በየወሩ ሃምሳ ብር ቆጥራ ትሰጠኝ ነበር። “ይቺ የእኔ የእድር ድርሻ ናት፣ እዳ ሆኜ አልቀበርም” ትለኛለች። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ “እድሩ ተከፈለ ወይ?” ትላለች። ተከፍሏል እላታለሁ። ስድስት ጊዜ ሃምሳዋን ተቀብዬ ስድስት ጊዜ ዋሸኋት። ብሩ ዘይት ሆኖ ተበላ፤ እሷም በላችው።

ታስታውስ እንደሆነ፣ ከመሐል ሜዳ ስናመጣት እዚያ አርባ ዓመት የከፈለችው እድር ነበራት። አልተውም ብላ ስታለቅስ ሁለት እድር ምን ያደርግልሻል፣ ብክነት ነው ያልናት እኛ ነን። አንተም በስልክ ብለሃታል። ሰምታን ተወችው፤ በእኔ ስም ስር ገባች። የአብዬን ወደ እምዬ ልል አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ያን እድር የተወችው የእኛን ምክር ሰምታ እንደሆነ አንተም እወቀው ብዬ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ለተብርሃን አረፈች። ከእማዬ ጋር በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሴትዮ ናት፣ ሳትታመም ነው የሄደችው። እማዬ እግሯ እንደዚያ አብጦ በከዘራ ተደግፋ ድንኳኑ ድረስ መጣች። አትምጪ ብላት እንቢ አለች። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ጋሽ ላጲሶ መዝገቡን ይዘው ተነሱ። የእድራችንን ስም ጥሪ ታውቀዋለህ፤ በቤት ተራ ይነበባል፣ የመጣ አለሁ ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። ከአብዲሳ ቤት ቀጥሎ እኛ ነን። አስራ አንድ ዓመት አብዲሳ ተብሎ ከዚያ ተናኜ ተብሎ አለሁ ብያለሁ።

አብዲሳ አሉ። አለሁ አለ። ጋሽ ላጲሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሱሀይላ አሉ። ሱሀይላ ከእኛ ቀጥላ ያለችው ናት። አለሁ አለች፣ ግን ወደ እኔ እያየች ነው። ቀና ስል እማዬም እያየችኝ ነበር። ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች።

ማታም አልተናገረችኝም። በነጋታውም። በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፤ ሃምሳዋን አልሰጠችኝም፣ ተከፈለ ወይም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ያ ዝምታዋ አጥንቴ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ ሐኪሙ አለ። ድሮ በሦስት ወር አንዴ ነበር የሚቀጥራት፣ አሁን በአስራ አምስት ቀን አድርጎታል። መጨረሻ ላይ እሷን ከውጭ አስቀምጦ ሌላ ልጅ አላት ወይ አለኝ። ጁባ ወንድም አለኝ ስለው ቢያያት ጥሩ ነው ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በዚያው የግንቦት እሑድ፣ የነቀልኩትን ፍሪጅ ሸጬ የያዝኩትን ብር ይዤ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄድኩ። ውዝፉንም፣ ቅጣቱንም፣ አዲስ መመዝገቢያውንም ልክፈል፣ ብቻ ዛሬ ጻፉኝ አልኩ። ኮሚቴው ተያየ። አዲስ የገባ ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞትበት እድሩ አይቆምለትም። ይህን ደንብ ማን እንዳመጣው ታውቃለህ? እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቤተሰብ በሽተኛ ይዞ ገብቶ፣ በወሩ ቀብሮ ወጣ። ያኔ ሰው የሌላውን ብር ሊበላ ይገባል ብዬ አዳራሹን ያናወጥኩት፣ ስድስት ወር ይሁን ብዬ እጅ ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ። አጨብጭበውልኝ ነበር።

ጋሽ ላጲሶ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። “ተናኜ፣ ለእኔ ቢተው ዛሬውኑ በጻፍኩሽ። ግን ለአንቺ ስንል ደንቡን ካጠፍነው ለነገው ሰው ምን እንላለን?” አሉኝ። ብሩን ተቀብለው ከግንቦት ሦስት ጀምሮ አዲስ አባል ብለው ጻፉኝ። እስከ ኅዳር ሦስት ማለት ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ጉልበት ስር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳት። ሃምሳዋንም፣ ዘይቱንም። ፀጉሬን በእጇ እያሻሸች ሰማችኝ፣ እንደ ልጅነቴ። ስጨርስ ስንት ወር ነው ያሉሽ አለችኝ። ስድስት አልኳት። በጣቷ ቆጠረችና፣ “እሞክራለሁ” አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች ወንድሜ። ሁለት ዓመት የለመንናትን ጨው የሌለው ወጥ ያለ ምንም ቃል ትበላለች። ኪኒኗን በሰዓቱ ራሷ ታስታውሰኛለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይወስድብኛል ትላለች። ጠያቂ ሲመጣ አይኗን ጨፍና ትተኛለች፣ ሳምራዊት ስታስቃት እጇን አንስታ ተይኝ ትላታለች። እኔ ብር ስቆጥብ ኖርኩ፣ እሷ ትንፋሽ መቆጠብ ይዛለች። እርሳሴንም ወስዳብኛለች። ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ በየጠዋቱ አንድ ቀን ትሰርዛለች፣ ተነስታ ለመሰረዝም ግድግዳውን መያዝ ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጥሩንባ ገና ሳይነጋ ሲነፋ ማን ነው ብላ አልጠየቀችም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ፈርቻለሁ ሽፈራው። ማታ ማታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ።

ድንኳኑን እኔ እከራያለሁ፣ ብር እልካለሁ እንዳትለኝ። ድንኳን ይከራያል፣ ወንበርም ይከራያል፣ ሰው ግን አይከራይም። ጎረቤት መምጣቱ አይቀርም፣ ደጎች ናቸው፤ ግን እንግዳ ሆነው ይመጣሉ እንጂ እንደ ቤተኛ ድስት አይጥዱም፣ ሬሳውን የእኛ ነው ብለው አያነሱም። እሷ የምትፈራው ያንን ነው። ብር አትላክ፣ አንተ ና። ለቀብር አይደለም የምልህ፣ አይኗን ሳትከድን እንድታያት ነው። ኅዳርን አትጠብቅ። ስትደውል ደግሞ ምንም እንደማታውቅ ሁን፤ እንደ ወትሮው በርበሬው ደረሰኝ በላት።

በርበሬውን ሙነወር ይዞልሃል፣ ለናኦሚ ስጣት። ኢያሱ እንደምን ነህ ብሎሃል፤ እሱም አሁን ሁሉን ያውቃል፣ ሦስት ቀን አኩርፎኝ ነበር። ሳምራዊት አጎቴ ለፈተናዬ ይጸልይልኝ ብላለች። ለናኦሚ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ትንሹን እዝራን ጉንጩን ስመህ በስሜ ቆንጥጠው። ለጓደኛህ ለሊባንና ለቤተሰቡም እንደምን ናችሁ በልልኝ።

እማዬም ሰላም ብላሃለች፤ በርበሬ ብቻ የምልክልህ መስሏታል እንጂ ስለ ደብዳቤው አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ከአልጋዋ ጠራችኝ። ጋሽ ላጲሶን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለችኝ፤ ስድስት ወሩን የሚቆጥሩት በቀን ነው ወይስ በወር? በቀን ከሆነና ጳጉሜንም ከቆጠሯት አምስት ቀን ትቀነስልኛለች አለች። አምስት ቀን ምን ያደርግልሻል እማዬ ብላት፣ “አይ ልጄ፣ አምስት ቀን ብዙ ነው” አለችኝ። ጋሽ ላጲሶን እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።

እህትህ ተናኜ
አዲስ አበባ፣ ጎሮ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.