የሌለ መሰኪያ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
ሁለት ላፕቶፕ አጸዳሁ፣ አንድ የተረሳ የይለፍ ቃል ቀየርኩ። ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ትልቁ ጀብዱዬ ኪቦርድ ላይ የፈሰሰ ሻይ መጥረግ ነው።

ከምሳ በኋላ የብሬይል ማተሚያ ክፍሉ ኮምፒውተር አረፈ። በቃ፣ ጭጭ። አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሽማግሌ። ማተሚያው ደህና ነው፤ የሚያዘው ፕሮግራም ግን ያለው እዚያ ሽማግሌ ላይ ብቻ። ሰኞ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለ፣ ገና አልታተመም…

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ስብሰባ። ኃላፊያችን፦ "ለተማሪዎቹ ሰው ያንብብላቸው፣ ሰምተው ይመልሱ።"

የሒሳብ መምህሯ ብድግ አለች። እሷም ዓይነ ስውር ናት። "ሒሳብ በጆሮ? እርስዎስ ባለ ሦስት መስመር እኩልታ ላንብብልዎትና ይሠሩልኛል?"

"ኮምፒውተሩን እኔ አስነሳዋለሁ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለካ የኔ ነው! ምን ነካኝ?

"እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት" አለ ኃላፊው። "ካልሆነልሽ አንባቢ እጠራለሁ።"

አርብ፣ ግንቦት 15
ዲስኩ በሕይወት አለ! ያለውን ሁሉ ገልብጬ በትምህርት ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁለት። ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር፤ ሳጥን የለው፣ ሽቦ የለው። ሽማግሌው እዚያ ውስጥ ተነሳ! ፕሮግራሙም ተከፈተ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

"አትም" ስለው ግን… "መሰኪያ አልተገኘም።" ወይ ጉድ። እውነቱን ነው እኮ። አካል የሌለው ነገር መሰኪያ ከየት ያመጣል? ማተሚያው ደግሞ በዚያ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ አሮጌ መሰኪያ ካልሆነ ከማንም ጋር አያወራም።

እናቴ ጋ ደውዬ አለቃቀስኩ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም። "አንቺ ልጅ፣ ኪስ የሌለው ኮት ኪስ ይሰፋለታል እንጂ ይጣላል እንዴ?"

ይሰፋለት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
ይሰፋለታል!!

ማሽኑ እየሠራ መሰኪያ ልጨምርለት ስል እምቢ አለ። አጥፍቼው ቅንብሩን ከፈትኩ፣ "ሃርድዌር ጨምር" የሚለውን ነካሁ፣ ያንን ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ መሰኪያ፣ ሲሪያል ፖርት የሚሉትን፣ መረጥኩ፣ ሰርቨሩ ጀርባ ካለው እውነተኛ መሰኪያ ጋር አያያዝኩት። እኔና የበሩ ጥበቃ ማተሚያውን እያቃሰትን ተሸክመን ሰርቨሩ ጋ አደረስነው። ሰካሁ። አስነሳሁ። አትም…

ኳ ኳ ኳ ኳ! ጮህኩ። ጥበቃውን አቀፍኩት። ደነገጠ፣ ምስኪን።

የሒሳብ መምህሯ ኳኳታውን ሰምታ መጣችና ወረቀቱን ዳሰሰች። ግንባሯ ተቋጠረ።

"ምን ይላል?"

"ቀቀቀ፣ ዠ፣ ሰባት ሰባት፣ ዠ… አንቺ፣ ማንን ነው የምትሰድቢው?"

ሦስታችንም በሳቅ ወደቅን። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ለስድስት አሥር ጉዳይ! ምን አጠፋሁ? ምን… ፍጥነቱ! ማተሚያው ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው፣ ማሽኑ እየተጣደፈ ያወራዋል። ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ።

ኳ ኳ ኳ።

ጣቷ ሄደ… ቆመ… ሄደ።

"ጥያቄ አንድ" አለች። ጣቷን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰች። "ጥያቄ አንድ። የሚከተለውን እኩልታ ፍቱ።"

ዞር ስል ኃላፊው በሩ ላይ። መቼ መጣ? "በሉ እንግዲህ፣ አንባቢው ይቅር" ብሎ ሄደ። ፈገግ ብሎ ይሆን? ጥበቃው ፈገግ ብሏል ይላል። አላመንኩም።

እሁድ፣ ግንቦት 17
የፈተናውን አሥራ ዘጠኝ ቅጂ አተምን። በኳኳታው ጆሮዬ ደንቁሯል። ደስ ሲል!

ሰኞ፣ ግንቦት 18
የፈተናው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። የሚያነብላቸው የለም። የጣትና የወረቀት ኮሽታ ብቻ። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ገጽ ገልጦ ወደ ኋላ ይመለሳል…

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። "መምህርት፣ አሥራ አራተኛው ላይ 'ሀ' እና 'መ' አንድ ዓይነት መልስ ናቸው። ሦስቴ ተመልሼ አነበብኩት።"

መምህሯ የራሷን ወረቀት ፈልጋ ዳሰሰች። አንዴ። ሁለቴ።

"ልክ ነሽ። ስህተቱ የኔ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሯ ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ በሩ መጣች። እዚያ መቆሜን በምን አወቀች? ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ፣

"ሰማሽ?" አለችኝ። "ራሳቸው አንብበው አረሙኝ እኮ!"