ከካምፓላ የመጣው ጡጫ

መቱ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈንታሁን፤ ካምፓላ

ይህን ከማንበብህ በፊት ፖስታውን ገልብጠህ ማሸጊያውን እይ። በሰም አሽጌ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ። አሻራው ከተሰነጠቀ ይህን የሚያደርስልህ ኦሊ መንገድ ላይ ከፍቶ አንብቦታል ማለት ነው፤ ጠይቀው። ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። እናቱንም አባቱንም አውቃለሁ። ብቻ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩ፣ አንተም እናትህን ታውቃታለህ።

እንዴት ነህ ልጄ? ሆድህን ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የገተማው ዛፍ አበባ ማር እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ከሁሩሙ የሚመጣው ነጭና ጥሩ ነው፤ ከኖፓ የመጣልኝን ግን ግማሹን መለስኩት። ከላይ ማር፣ ከታች የስኳር ውኃ። ሰውዬው ማለልኝ። ያስጠረጠረኝ እንዲያውም መሐላው ነው፤ ንጹሕ ማር የያዘ ሰው ምን ያስምለዋል?

አሁን ወደ ጉዳያችን። ባለፈው ስትደውል «ኔትወርክ ተቋረጠ» ያልኩህ ውሸት ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ በግንቦት ናካቶን ላገባ ነው፣ መርቂን» ስትለኝ ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ቀጥለህ ያመጣኸው ነው ያስደነገጠኝ። የሰርጉ ዕለት እናንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ በስልክ እየተያየን እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እናነሳለን አልከኝ። የአፍሪካ ሕዝብ በመንፈስ አንድ የሚሆንበት ምልክት ነው አልከኝ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም፣ ከዚህም አገር ከዚያም አገር የመጣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ ጡጫውን ያነሳል አልከኝ። ዝም ብሎ የሚለው ደግሞ ባሰብኝ። የሚዘመር ነገር ቢኖር ቃሉን ሰምቼ እፈርድ ነበር። ዝም ያለን ሰው በምን ልመዝነው?

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ኦሊ መጣ። በአበባ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የማር መመዘኛዬ አጠገብ አኖረና «እትዬ፣ ፈንታሁን ነው የላከው» አለኝ። ስፈታው ክንድ ነው። ከጥቁር እንጨት የተፈለፈለ፣ ጣቶቹን የጨበጠ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ክንድ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«እጅ ነው እትዬ።»

«እጅ መሆኑንስ አየሁ። ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለም። እንጨት ነው።»

«አንተ ያስገባህበት ነገር የለም?»

ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

እሱ ሲወጣ መረመርኩት። በጣቶቹና በመዳፉ መሐል ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ቀዳዳ አለው። በሹራብ መሥሪያ ወጋሁት፣ አሸተትኩት፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ተንሳፈፈ። ታዲያ ቀዳዳው ለምኑ ነው? ለሻማ ከሆነ፣ ሻማው የሚበራው ለማን ነው? ልጄ ሃይማኖቱን ጥሎ ለእንጨት እየሰገደ እንደሆነስ?

ኡርጌን ጠራኋት። ግድግዳ ስለምንጋራ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም፤ በጸሎት ቤቷ ሽማግሌ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ጣዖት ከሩቅ ይሸታታል። ከደጃፉ ሳታልፍ አንገቷን ብቻ አስገብታ አየችው።

«ይሄ ወይ ጣዖት ነው ወይ ደርግ ነው» አለች።

ዕድሜያችን አንድ ነው፤ የተነሳ ጡጫ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀውም አንድ ነው። ግራ ነው ቀኝ? ያኔ የሚነሳው ግራ እጅ ነበር። ቀስ በቀስ ገባችና እሷ ከኋላው፣ እኔ ከፊቱ ቆመን የየራሳችንን እጅ እያነሳን ማስተያየት ጀመርን። እሷ ቀኝ ስትል እኔ ግራ እላለሁ። ቦታ ስንለዋወጥ ደግሞ ሐሳባችንንም ተለዋወጥን። በዚህ መሐል ማር ሊገዛ የመጣ አንድ የቢሮ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁለት አሮጊቶች ጡጫቸውን ጨብጠው ፊት ለፊት ሲፋጠጡ አገኘን።

«እትዬ ሀረግ፣ ይሄ የየትኛው ፓርቲ ነው?» አለኝ። እየሳቀ ነው የጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጀምር በሳቅ ነው።

«የልጄ ነው» አልኩት።

«ልጅዎስ የየትኛው ነው?»

ማሩን ሳያስመዝን ሄደ። በኋላ የእንጨቱን አውራ ጣት ከአውራ ጣታችን ጋር አስተያይተን ቀኝ መሆኑን አረጋገጥን። ቀኝ በመሆኑ ግማሽ ልቤ መለስ አለ። ቢሆንም በጨርቁ ጠቅልዬ ከጀሪካኖቹ ኋላ ደበቅኩት።

እውነቱን ልንገርህ፤ የጠረጠርኩት እንጨቱን አይደለም። የአጎትህን፣ የወንድሜን የዲበኩሉን ነገር ታውቃለህ። በዚያ ዘመን ከስብሰባ እንደወሰዱት፣ በዚያው እንደቀረ። ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ያን ዕለት ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ጡጫውን ሲያነሳ ዲበኩሉም አንስቶ ነበር። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከእናቴ አጠገብ ሆኜ አየዋለሁ። ከሁሉም ጋር እኩል አነሳ፣ እኩል ጮኸ። ስሙ የተጠራው ክንዱ ገና ሳይወርድ ነው። እሱን እየጎተቱ ሲወስዱት፣ ግራና ቀኙ የቆሙት ሰዎች እጃቸው እንደተሰቀለ ነበር። አንድም እጅ አልወረደም። ጓደኞቹ ነበሩ።

አንድነት ስትለኝ ስልኩን የዘጋሁት ለዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኔ ግን የንብ ነገር አውቃለሁ፣ ድር ሲያብር ንብም ያስራል። ሰው ሁሉ ባንድ ላይ እጁን ሲያነሳ እኔ የማየው መሐሉ የቆመውን ልጅ ነው። አንተን ስወልድ ፈንታሁን ያልኩህ በእሱ ፈንታ እንድትኖርልኝ ነው። በእሱ ፈንታ እጅህን እንድታነሳ አይደለም።

ልመርቅህ አልቻልኩም ነበር ልጄ። ስልክህ በጠራ ቁጥር እስኪያበቃ ድረስ ማር እመዝናለሁ።

እንዲህ እያለሁ በገበያ ቀን ኦቦ ቀጀላ ከሁሩሙ መጡ። ሳልቀምስ የምቀበለው የእሳቸውን ማር ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ያን ጠዋት ቀፎ በሚሰቀልበት ዛፍ ምክንያት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲያስታርቁ ቆይተው ከዚያው ነው የመጡት፤ ለእርቁ የያዙት እርጥብ ሣር ገና ከእጃቸው አልወጣም። የማምነው ሰው ቢያይልኝ ብዬ ክንዱን አወጣሁት።

«ኦቦ ቀጀላ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ልጄ ነው የላከው።»

ዞር ዞር ብለው አዩት። «ምኑን ልይልሽ? እጅ ነው። የሚይዘው ጠፍቶበት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጀሪካናቸውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ለማንሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሣሩን መሬት ላይ ሊጥሉት አልወደዱም። ግራ ቀኝ አዩና፣ ሌላ ማስቀመጫ ቢያጡ የጡጫው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። ማሩን መዘንን፣ ተሳሰብን፣ ሄዱ። ሣሩን ረሱት።

ኡርጌ በሩ ላይ ነበረች። ክንዱን አየችና በኦሮምኛ «አመ ነጋ ፈካታ» አለች። እውነትም አሁን ሰላም መሰለ። ያው ክንድ፣ ያው ጡጫ ነው፤ ግን ሊማታ የተነሳ መሆኑ ቀርቶ ሽማግሌ ሆነ። ሊያስታርቅ የመጣ ሰው ሣሩን ጨብጦ ካላነሳው በምን ያነሳዋል? ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ዕለት በዚያ ሜዳ የተነሳው እጅ ሁሉ ባዶ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ እንዳትል። ናካቶን በሚመለከት የምጠይቅህ አለኝ። እናቷ በሕይወት አለች? ምን ትሠራለች? ደግሞ ያን ቀን በስልክ ስታየኝ ተንበርክካ ሰላም ያለችኝ ምን ፈልጋ ነው? የአገራቸው ወግ ነው ብለኸኛል። ኡርጌን ጠይቄ እሷም አላወቀችም። ቢሆንም ወድጄዋለሁ፤ ይህንን ግን አትንገራት።

ኪቲላ አናጢው አዲስ አልጋ ሠርቶልኛል። ያንተን ምስጥ በልቶት ነበር። ሰፋ አድርጎ ነው የሠራው፤ እንጨት ተርፎ ነው እንጂ እኔ ስፋው አላልኩትም።

የሰርጋችሁ ዕለት ደውል፤ አልዘጋውም። እጅህን ስታነሳ ግን ባዶውን አታንሳ። ካምፓላ ሣር አይጠፋም፤ ናካቶም ትያዝ፣ ማኅበርተኞችህም ይያዙ። ምናልባት አንድ ቀን ከመሐላችሁ የአንዱ ስም ቢጠራ፣ መጀመሪያ እጃችሁን አውርዱና እሱን ያዙት። ይህን ቃል ስጠኝና እኔም አነሳለሁ። ቀኜን።

በሉ እንግዲህ። ቤታችሁ ንብ እንደገባበት ቀፎ ይሁን። ጥል ሲመጣ በሩ ይጥፋው። አንዳችሁ ስትናገሩ አንዳችሁ የምትሰሙ ያድርጋችሁ። አብራችሁ አርጁ፣ የወለዳችሁት ይቅበራችሁ። የዲበኩሉን ያልተኖረ ዕድሜ በእናንተ ላይ ይጨምርልኝ። አሜን በል።

እናትህ
ሀረገወይን

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የተጨመረ፤ ዛሬ ኦቦ ቀጀላ በሳምንታቸው ተመልሰው መጡና ሣራቸው ትዝ አላቸው። ክንዱ አሁን መስኮቱ ላይ ነው የቆመው። ቀርበው በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉኝ። «የእኔ እስካሁን ደርቋል። ይሄ የዛሬ ጠዋት ሣር ነው።»

«የእርስዎ ነው። ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ያልደረቀው» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ጠርጥረውኛል መሰለኝ።